የተቆረጡት አሥራ አንድ ሰከንዶች

መምህር ስቴፋን ባራኒክ የሞቱት ረቡዕ ረፋድ አራት ሰዓት ከአርባ ላይ፣ የራሳቸው ቀይ ጓጉንቸር ከተንጠለጠለበት ማጥፊያ አጠገብ ነው። የጓጉንቸሩ ብቸኛ መክፈቻ በሰንሰለት ታስሮ አንገታቸው ላይ ተገኘ። ኃይል መኖሩን የሚለዩበት ቴስተራቸው በትክክል ይሠራ ነበር። ከፊታቸው የተተከለችው ካሜራም ሁሉን ነገር ቀርጻለች። ለሠላሳ አንድ ዓመት «ቆልፍ፣ ሞክር፣ ከዚያ ንካ» እያሉ ኤሌክትሪክ ያስተማሩ ሰው ቆለፉ፣ ሞከሩ፣ ነኩ፤ ሞቱም።

የክፍለ ሀገሩ ፖሊስ መርማሪ ኢርያ ላህቲ በረዶ የጋገረውን የሐይቅ ዳር መንገድ ሁለት ሰዓት ተኩል ነድታ ፖርት ኬለር ስትደርስ፣ የከተማዋ ፖሊስ ኃላፊ ጉዳዩን የጨረሰው መስሎት ነበር። የተፈረመ የእምነት ቃል ይዞ በሙያ ኮሌጁ በር ላይ ጠበቃት። ፈራሚዋ ዶሪን ጋኞን የተባለች የአርባ ሰባት ዓመት ተማሪ ናት። ቃሏ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ «ማብሪያውን ያበራሁት እኔ ነኝ። መምህሩን የገደልኳቸው እኔ ነኝ።»

ላህቲ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«የትኛውን ማብሪያ?» አለች።

ኃላፊው ይህን አልጠየቀም ነበር።

ወርክሾፑ ረጅም አዳራሽ ነው። በአንደኛው ግድግዳ ላይ ቁጥር የተለጠፈባቸው የብረት ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ሳጥን ለአንድ የመለማመጃ ጠረጴዛ ስድስት መቶ ቮልት የሚለቅ እጀታ አለው። ባራኒክ የወደቁት በአራተኛው ጠረጴዛ ሥር ነው። ዶሪን ትሠራ የነበረው በሦስተኛው ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ለቀረጻ ተብሎ ወፍራም ጥቁር መጋረጃ ስለተሰቀለ አንዱ ሌላውን አያይም፤ ከጩኸት በታች ያለውን ድምፅ ደግሞ የአየር ማውጫው ጉርምርምታ ይውጠዋል። ላህቲ አራተኛውን እጀታ ለማንሣት ሞከረች፤ ጓጉንቸሩ ያዘው። ከዚያ ባዶ ወደሆነ የመማሪያ ክፍል ገብታ ከዶሪን ፊት ተቀመጠች። በወረቀት ኩባያ የቀረበላት ቡና ሳይነካ ቀዝቅዟል።

«ሦስተኛውን ነው ያበራሽው?»

«ሦስተኛውን። እጄ እጀታው ላይ እንዳለ ነው መምህሩ የጮኹት።»

«የሦስተኛው ኃይል ወደ ሦስተኛው ጠረጴዛ ነው የሚሄደው። እሳቸው አራተኛው ላይ ነበሩ፤ ቆልፈውታል። እንዴት ትገድያቸዋለሽ?»

«አላውቅም። እንዴት እንደሆነ ስላላወቅኩ አልገደልኩም ማለት ነው? እኔ አበራሁ፣ እሳቸው ሞቱ።» ዶሪን እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ የሌላ ሰው እጅ የምታይ ያህል ተመለከተቻቸው። «ሚስታቸው ተነግሯታል?»

ላህቲ ቀስ በቀስ የቀረውን አወጣጣቻት። ዶሪን በከተማዋ የወረቀት ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ፋብሪካው ሲዘጋ ባሏ ሥራ ፍለጋ ወደ ምዕራብ ሄደ፤ መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየወሩ ይደውል ነበር፤ አሁን አይደውልም። ቤቷን የሚገዛት ሰው የለም። የሙያ ፈቃድ ፈተናዋ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። ክስ የተመሠረተበት ሰው ደግሞ ለፈተና አይቀርብም። ይህን ሁሉ ስትናገር ድምፅዋ አንድም ጊዜ ከፍ አላለም፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው የሌላውን ሰው ታሪክ የሚያወራ ይመስል ነበር።

«ዛሬ ጠዋት ማን ነበር የሚያስተምርሽ?»

«ቪዲዮው።»

ኮሌጁ እንዲህ ነው የሚያስተምረው፤ ተማሪው ታብሌቱን ከፊቱ አቁሞ አንድ እርምጃ ያያል፣ ያቆማል፣ ይሠራል፣ እንደገና ያስኬዳል። የተግባር ፈተናውም የሚታረመው በቪዲዮው ቅደም ተከተል ነው። እርምጃ የዘለለ ነጥብ ይቀነስበታል፤ እርምጃ የጨመረም እንዲሁ። ዶሪን ግን ታብሌት ስለማታምን እያንዳንዱን እርምጃ ከነደቂቃውና ከነሰከንዱ በደብተር ትጽፍ ነበር። ደብተሩን ከቦርሳዋ አውጥታ ለመርማሪዋ ሰጠች። ምን እንደሰጠች አላወቀችም።

ከቀትር በኋላ ከሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የመጣው ባለሙያ ገመዶች የሚያልፉበትን የግድግዳ ቱቦ ከፈተ። ከሦስተኛው ማብሪያ መውጫ ተነሥቶ ወደ አራተኛው ጠረጴዛ የሚሻገር አዲስ የኤሌክትሪክ ገመድ አገኘ። በጥንቃቄ የታሰረ፣ የተስተካከለ፣ የባለሙያ እጅ ሥራ ነው። ሦስተኛው ካልበራ ገመዱ ሬሳ ነው፤ ስለዚህ የባራኒክ ቴስተር ኃይል የለም ሲል እውነቱን ነበር። ሦስተኛው ሲበራ ግን አራተኛውም ያለ ማንም ፈቃድ ነፍስ ይዘራል። ጓጉንቸሩ የፊቱን በር ዘግቶ ነበር፤ ሞት በጓሮ ገባ።

ያን ቀን በሕንጻው ውስጥ ከሟቹና ከዶሪን ሌላ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ላህቲ በመጀመሪያ ሁለተኛውን የኤሌክትሪክ መምህር ኔድ ታልቦትን አነጋገረች። ሰውየው ባለፈው ቅዳሜ በረዶ አዳልጦት ግራ ክንዱ ተሰብሮ ከጣቶቹ እስከ ብብቱ በጄሶ ታስሯል። ከባራኒክ ጋር በክፍለ ጊዜ ድልድል ተጣልተው ለአንድ ዓመት ያህል አልተነጋገሩም።

«እኔን ጠርጥሪኝ እንጂ» አላት። «ቢያንስ ዶሪንን ትተያታለሽ። እሷ እኮ ዝንብ ስትገድል ይቅርታ የምትጠይቅ ሴት ናት።»

«ገመድ በአንድ እጅ ይዘረጋል?»

«እንኳን ገመድ፣ ሱሪዬን በአንድ እጅ መታጠቅ አቅቶኛል።» ከዚያ ቀልዱ ከፊቱ ጠፋ። «ሳይጮኹ ኃይል አይለቀቅም ነበር። በዚህ ወርክሾፕ ሕግ ነው። «ልለቅ ነው!» ትያለሽ፤ ከሰሙት አንዱ «ልቀቂ» ወይም «ቆዪ» ይልሻል። መልስ ካጣሽ እጅሽን አታነሺም። ስቴፋን ነው ያመጣው። ሚስቱን እንኳ የጓዳ መብራት ስታበራ ጩኺ ይላታል እያልን እንስቅበት ነበር።»

ዌስሊ ፎርቲን ስለሚባለው ወጣት የነገራትም እርሱ ነው። ከዚሁ ኮሌጅ ተመርቆ ባለፈው ኅዳር በእንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ኤሌክትሪክ ገድሎታል፤ ከመንካቱ በፊት ኃይል መኖሩን አልሞከረም ነበር። አልሞከረም፣ ምክንያቱም የተማረበት ቪዲዮ አላሳየውም። የባራኒክ የአርባ አንድ ደቂቃ ትምህርት በኮሌጁ ትእዛዝ ወደ ስድስት ደቂቃ ሲያጥር የመሞከሩ እርምጃ ተቆርጦ ወጥቷል። ባራኒክ በጽሑፍ ተቃውመው ነበር። በደብዳቤ የተሰጣቸውን መልስም አስቀምጠውታል። በመጪው ሰኞ የዌስሊን ሞት በሚያጣራው ጉባኤ ፊት ሊያነብቡት ተዘጋጅተው ሳለ፣ ረቡዕ ዕለት ሙሉውን ትምህርት ምንም ሳይቆረጥ እንደገና ሊቀርጹ ወደ አራተኛው ጠረጴዛ ሄዱ።

የቪዲዮ አቀናባሪው ኮሊን ፕሬቮ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ላህቲ ገና ሳትቀመጥ ላብ አጠመቀው። የማቀናበሪያው ፕሮግራም መዝገብ እንደሚያሳየው፣ ዶሪን የምትማርበት የሦስተኛው ጠረጴዛ ቪዲዮ ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ተከፍቶ ተነክቷል፤ በኮሊን ስም። እርሱ ግን በዚያ ሰዓት መኪናው ውስጥ ብቻውን ሳንድዊች ይበላ እንደነበር ማለ። ምስክር የለውም።

«የይለፍ ቃሉን ማን ያውቃል?»

ኮሊን አንገቱን ሰብሮ ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆመ። የይለፍ ቃሉ በቢጫ ወረቀት ተጽፎ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ተለጥፏል። «ሁሉም ሰው» አለ። «ግን ገመዱን እኔ ልዘረጋ አልችልም፣ መርማሪ። አምፖል ሲቃጠልብኝ እናቴን ነው የምጠራው።»

ማሳጠሩን ማን እንዳዘዘ ስትጠይቀው፣ ያዘዘውም፣ እርሱን ሥራ ያስያዘውም ዲኑ መሆኑን አስቀድሞ ተናገረ። ከዚያ የታዘዘውን እንደፈጸመ፣ ከስድስት ደቂቃ በላይ የሆነ ቪዲዮ ማንም እስከ መጨረሻው እንደማያይ በጥናት እንደተነገረው፣ የዌስሊን ሞት ከሰማ ጀምሮ ግን እንቅልፍ እንደሌለው ተናዘዘ።

ዲኑ ግሌን ሃርግሮቭ በንጹሕ ቢሮው ውስጥ በትሕትና ተቀበላት። በግድግዳው ላይ ከአስተዳደር ዲግሪው በታች የቆየ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ምስክር ወረቀት ተሰቅሏል። አስተማሪው ማን እንደነበር ጠየቀችው።

«ስቴፋን። የመጀመሪያ ተማሪዎቹ አንዱ ነኝ። አሁን ግን ሽቦ ከነካሁ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ ረስቼዋለሁ።» ለዶሪን እንደሚያዝንላት፣ ድንጋጤ ሰውን ብዙ እንደሚያሳስት፣ ፍርድ ቤቱ እንዲያቀልላት ኮሌጁ ደብዳቤ እንደሚጽፍላት ጨምሮ ነገራት። ስለ ጉባኤው ስትጠይቀው ውሳኔው የኮሚቴ እንደነበር ተናገረ። ረቡዕ ዶሪን በሦስተኛው፣ ባራኒክ በአራተኛው እንዲሠሩ የመደበው ግን ኮሚቴ አልነበረም፤ የድልድሉ ወረቀት የእርሱን ፊርማ ይዟል።

ላህቲ የቀረውን ቀን ከሁለት ቪዲዮዎችና ከአንድ ደብተር ጋር አሳለፈች። በመጀመሪያ የሟቹን ቀረጻ አየች። ባራኒክ ቀስ ብለው፣ እየደጋገሙ፣ ፊታቸውን ወደ ካሜራው እየመለሱ ያስረዳሉ። ሃያ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ «ብትሰለቹም ቆዩ፤ እኔም ስማር ሰልችቶኝ ነበር» ብለው እጃቸውን ወደ ሳጥኑ ሰደዱ። ከዚያ በኋላ ያለውን ላህቲ አንድ ጊዜ ብቻ አየችው። በድምፁ ውስጥ ግን የወርክሾፑ የአየር ማውጫ ሳያቋርጥ ሲያጉረመርም ይሰማል፤ ከመጋረጃው ወዲያ የጮኸ ሰው የለም።

ከዚያ የዶሪንን ቪዲዮ ከፈተች። ደብተሩን አጠገቧ ዘረጋች፤ እርምጃዎቹን በጣቷ እየተከተለች አንድ በአንድ አመሳከረች። እስከ አምስተኛው ደቂቃ ሁሉም ልክ ነበር። ከዚያ ጣቷ ቆመ። ቪዲዮውን መልሳ አየችው። እንደገና መለሰችው። ስትነሣ ስልክ ደውላ፣ ሐሙስ ጠዋት ሁሉም ሰው በወርክሾፑ እንዲገኝ አዘዘች።

ሐሙስ ጠዋት አምስት ወንበሮች በሦስተኛው ጠረጴዛ ዙሪያ ተደረደሩ። ዶሪን ከአንዲት ፖሊስ ጋር ተቀመጠች፤ ኔድ የታሰረ ክንዱን አቅፎ፣ ኮሊን ኮምፒውተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሃርግሮቭ ካፖርቱን ሳያወልቅ። ገመዱ ተነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«ገዳዩ ሦስት ነገር ያስፈልገው ነበር» ስትል ላህቲ ጀመረች። «የመጀመሪያው ይህ ገመድ ነው። ሁለተኛው፣ መምህሩ እጃቸውን ሳጥኑ ውስጥ በከተቱበት ግማሽ ሰዓት ሦስተኛውን የሚያበራ የሌላ ሰው እጅ ነው። ይህን በክፍል ድልድል አገኘው። ሦስተኛው ዝምታ ነው። ዶሪን እንደ ልማዱ ብትጮኽ መምህሩ «ቆዪ» ይሏት ነበር፤ ከመጋረጃው ወዲያ ሰው መኖሩን ታውቅ ነበር። ስለዚህ ሳትጮኽ እንድታበራ ማድረግ ነበረበት። ዶሪን፣ ባለፈው ሳምንት አምስት ደቂቃ ከስምንት ሰከንድ ላይ ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

ደብተሩ ተሰጣት። ዶሪን ጽሑፏን አነበበች፦ «ዙሪያሽን እዪ። ጩኺ። መልስ ጠብቂ።» ከዚያ የሚቀጥለውን፦ «አምስት ደቂቃ ከሃያ አንድ። አብሪ።»

«በትናንቱ ቪዲዮ ግን ማብራቱ አምስት ከአሥር ላይ ነው። ቪዲዮው በአሥራ አንድ ሰከንድ አጥሯል። ጩኸቱ ወጥቶ በቦታው አጭር ምስል ገብቷል፤ አንድ እጅ እጀታውን ሲያነሣ የሚያሳይ ሁለት ሰከንድ።» ኮሊን ምስሉን በግድግዳው ላይ አሳየና አቆመው። «ሳጥኑን ተመልከቱ። በትምህርቱ ሁሉ ቁጥሩ የተጻፈው በወረቀት ነው። በዚህች ምስል ላይ ግን የብረት ሰሌዳ ነው።»

«ሰሌዳዎቹ የተገጠሙት ባለፈው ሰኞ ነው» አለ ኔድ ቀስ ብሎ።

«ስለዚህ ምስሉ የተቀረጸው በሰኞና በማክሰኞ መካከል ነው። የገባውም ማክሰኞ፣ በኮሊን ስም ነው። ኮሊን፣ ተነሥና ሦስተኛውን አብራ። ኃይሉ ከዋናው ተቋርጧል፤ አትፍራ።»

ኮሊን ሄዶ ከሳጥኑ ፊት ለፊት ተገትሮ፣ በቀኝ እጁ እጀታውን ወደ ላይ ገፋ።

«ጎበዝ» አለ ኔድ ከጥርሱ መካከል። «ሳጥኑ ቢፈነዳ ፊትህ ተጠብሶ ነበር።»

«ይህን ነው የምለው» አለች ላህቲ። «በምስሉ ላይ ያለውን እጅ እዩት። ግራ እጅ ነው። ሰውየው ከሳጥኑ ወደ ጎን ቆሟል፤ በሚያብረቀርቀው ክዳን ላይ ጥላው እንኳ አልወደቀም። ይህን የሚያደርግ በሙያው ያደገ ሰው ነው፤ ኮሊን አይደለም። የሚስተር ታልቦት ግራ እጅ ከቅዳሜ ጀምሮ በጄሶ ውስጥ ነው። ዶሪን ጩኸቱ መቆረጡን ብታውቅ፣ መኖሩን የሚመሰክረውን ደብተር በገዛ እጇ ባልሰጠችኝ።»

በወርክሾፑ ውስጥ የአየር ማውጫው ጉርምርምታ ብቻ ተሰማ። ሃርግሮቭ ካፖርቱን አስተካከለ።

«የሚያሳዝን ግምት ነው» አለ። «በዚህች ከተማ በግራ እጁ ማብሪያ የሚያነሣ መቶ ሰው አለ።»

«አለ። እኔን ያስቸገረኝ ግን እጁ አይደለም፣ ዝምታው ነው። አሁን የምትሰሙት ጉርምርምታ በእያንዳንዱ ቪዲዮ ውስጥ አለ። በእነዚያ ሁለት ሰከንዶች ብቻ ጭር ይላል። አንድ ሰው ድምፁን ዘግቶታል። የእጀታ ምስል ምን ድምፅ አለው? ለምን ይዘጋል?» ወደ ኮሊን ዞረች። «ፕሮግራሙ የተዘጋ ድምፅ ያጠፋል?»

«አያጠፋም። ይደብቀዋል እንጂ።»

«ክፈተው።»

ኮሊን ከፈተው። መጀመሪያ ጉርምርምታው መጣ። ከዚያ አንድ የወንድ ድምፅ፣ ጠንካራና ግልጽ፣ ባዶውን አዳራሽ ሞልቶ ጮኸ፦ «ልለቅ ነው!» እጁ ወዲያው ተነሣ። መልስ አልጠበቀም።

ድምፁ የማን እንደሆነ ማንም መናገር አላስፈለገውም። ሃርግሮቭ ስክሪኑን ሳይሆን የራሱን ግራ እጅ ነበር የሚያየው።

«ሰው አልነበረም» አለ በመጨረሻ። «ብቻዬን ነበርኩ። መጮኼን ያወቅሁት ስሰማው ነው።» ከዚያ እጁን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። «ሰኞ ያንን እኔ የፈረምኩትን ደብዳቤ ቢያነብ ኖሮ ሥራዬ፣ ስሜ፣ ቤቴ፣ ሁሉም ያበቃለት ነበር። የዌስሊ እናት በየቀኑ በቢሮዬ መስኮት ሥር ታልፋለች። እለምነዋለሁ ብዬ ነበር። ስቴፋንን የሚለምን የለም።»

«ከተማሪዎቹ አንድ እርምጃ ቆረጥክባቸው» አለ ኔድ። «ከራስህ ግን መቁረጥ አቃተህ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ በበሩ የገባው የሐይቁ ብርድ ሁሉንም መታቸው። ላህቲ የእምነት ቃሉን ከኪሷ አውጥታ ለሁለት ቀደደችው። ዶሪን አልተነሣችም። ደብተሩ ጉልበቷ ላይ እንደተከፈተ ነው።

«ደብተሬ ያውቅ ነበር» አለች። «ጩኺ ይላል። በእጄ የጻፍኩት ነው። ትናንት ቪዲዮው ሲዘለው አይቻለሁ፤ ለውጠውታል ማለት ነው ብዬ አለፍኩ። ጨምረሽ ሠራሽ ብለው ነጥብ እንዳይቀንሱብኝ።»

ላህቲ ከጎኗ ባለው ወንበር ተቀመጠች።

«ሕግ ከአንቺ የሚፈልገው ነገር የለም» አለቻት። «የቀረውን እኔ ልመልስልሽ አልችልም።»

ከስምንት ቀን በኋላ፣ ዓርብ ዕለት፣ ዶሪን በዚያው ወርክሾፕ ለተግባር ፈተና ቀረበች። ከሌላ ከተማ የመጣው ፈታኝ ሰዓቱን ይዞ ቅጹ ላይ አቀርቅሯል። ቆለፈች፣ ሞከረች፣ ገጠመች፣ ከፈተች። ከዚያ ወደ ሳጥኑ ጎን ቆመች፤ ፊቷን አዞረች።

«ልለቅ ነው!» አለች።

ፈታኙ ቀና አላለም። በቅጹ ላይ እንዲህ ያለ እርምጃ የለም።

«ልለቅ ነው!»

«ከእኔና ከአንቺ ሌላ ሰው የለም እኮ፣ እመቤት። ቀጥይ፣ ሰዓትሽ እየሄደ ነው።»

ዶሪን አልቀጠለችም። ግራ እጇ ከጎኗ አልተነሣም። ሰዓቱ ሄደ፤ የአየር ማውጫው አጉረመረመ። ከሦስተኛው ጥሪ በኋላ ከበሩ ወዲያ፣ ከመተላለፊያው፣ የኔድ ታልቦት ድምፅ መጣ።

«ልቀቂ፣ ልጄ።»

እጀታውን አነሣች። ሞተሩ ዞረ። ከተፈቀደላት ጊዜ አራት ደቂቃ አልፎ ነበርና ፈታኙ በቅጹ ግርጌ «አላለፈችም» ብሎ ጻፈ። ዶሪን ሞተሩን አጠፋች፤ የራሷን ጓጉንቸር አውጥታ ማጥፊያውን ቆለፈች፣ መክፈቻውን አንገቷ ላይ አጠለቀች። ከዚያ የሚቀጥለው ፈተና መቼ እንደሆነ ጠየቀችው።